ዶክተር እትዬ

ባለፈው ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ወጣት ሱዳናዊት ከባጃጅ ወርዳ፣ ካርቱም ባለው የጽሕፈት ክፍሌ በር ላይ ቆመችና ዶክተር ይማም የሚባል ሐበሻ ምሁር አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የያዝኩት መጥረጊያ ከእጄ ወደቀ። ዶክተር ይማም የሚባል ሰው በዚህ ዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ለማታለል ብዬ ሳይሆን ጨዋ አስተዳደግ ስላለኝ። ሰው በብልግናው ሲያጠፋ ብዙ አይቻለሁ፤ በጨዋነቱ ያጠፋ ግን ከራሴ በቀር አላውቅም።

ልጅቷ ሰልማ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። አባቷን፣ ኡስታዝ ባቢክርን፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸውና፣ በደንብ አውቃቸው ነበር። ጽሑፎቻቸውን ለዓመታት የተየብኩላቸው እኔ ነኝ። ሰልማ የአባቷን ወረቀቶች ስታገላብጥ በአንድ ፋይል ጀርባ ላይ በእጃቸው የጻፉትን አገኘች፦ «ስለ ይማም፦ ሐበሻዋ ታይፒስት ትጠየቅ፤ ሳጃናና ዴም ሰፈሮች መሃል።» ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ከባሕር ማዶ የሚታተም አንድ የምርምር መጽሔት ድሮ ካወጣቸው ጽሑፎች መርጦ መጽሐፍ ሊያደርጋቸው ነው። ከተመረጡት አንዱ በሰው ቤት ስለሚያገለግሉ ሐበሾች ስም የተጻፈው የ«ይማም፣ ኢ. ኤች.» ነው። ደራሲው የሚሞላው ቅጽ አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ጽሑፉ «ስለ ደራሲው የሚታወቅ ነገር የለም» ከሚል ማስታወሻ ጋር ይወጣል።

«ያ ኻልቲ አስቴር፣» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ «ይህን ጽሑፍ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ሰውዬው ማነው? ሞቷል? ልጆች አሉት?»

«ግቢና ተቀመጪ፣» አልኳት። «ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሚ ነው የከረምሽው።» ተረቱን ወደ ዐረብኛ ስመልሰው ላሚቱም ኩበቱም ተደባለቁና ልጅቷ ግራ ገባት። የምትቀመጥበትን ባሊ ገልብጬ አቀረብኩላት፤ ወንበር አልነበረኝማ።

ከተማው በጦርነቱ ባዶ በሆነበት ጊዜ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሸሽቼ ገዳሪፍ ከርሜ፣ ሰው መመለስ ሲጀምር ነው የተመለስኩት። ሁለቱን ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የጣሪያውን ማራገቢያ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ሳይቀር ዘራፊዎች መዘው ወስደውታል። መደርደሪያው ብረት ስለነበር እሱም ሄዷል። ወረቀቱን ግን ማን ይወስደዋል? በየፋይሉ ያስቀመጥኳቸው የሰው ጽሑፎች መሬት ላይ ተዘርግፈው፣ አቧራቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። ሌባ የማይፈልገው ንብረት መኖሩ ደስ ይላል፤ ትንሽም ቅር ያሰኛል። ከክምሩ አንዱን አንስቼ ሳራግፈው የድሮ ካርቦን ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ያ ሰምና ቀለም የተቀላቀለበት፣ ጣት ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚቀር፣ ስበላ እንኳ እንጀራው ላይ የማየው ነገር። የዛሬ ልጆች ይህን ሽታ አያውቁትም። ሰልማም ስታሸተው አስነጠሳት።

ያኔ በወጣትነቴ ይህ ክፍል አራት የጽሕፈት መኪና ነበረው፤ ሁለቱ የዐረብኛ፣ ሁለቱ የእንግሊዝኛ። ከበሩ በላይ በአረንጓዴ ቀለም «ማዕሀድ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ማዕሀድ ማለት ተቋም ማለት ነው፤ ካርቱም ውስጥ ግን ሦስት ወንበርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ያለው ሁሉ ማዕሀድ ነበር፤ ልብስ ስፌት የሚያስተምረውም፣ ጸጉር ሥራ የሚያሳየውም። እኛ ጠዋት ጠዋት ሴቶች ልጆችን ታይፕ እናስተምራለን፣ ከሰዓት በኋላ ለሰው እንተይባለን። አንድ ገጽ የምንተይብበት ዋጋ ከአንድ ሳህን ፉል ጋር እኩል ነበር፤ ፉሉ ሲወደድ እኛም እንወደዳለን። ወንዱ እጀ አጭር ሳፋሪ ለብሶ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሦስት የሰካ መምህር ነው። ቢሮ የሚሠሩ ሴቶች ነጭ ቶብ ተከናንበው ያልፋሉ፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መሃል እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል እስከ ዛሬ ምስጢሩ አልገባኝም። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ቡናማ ጉርድ ቀሚስ ነበረኝ፤ ከጉልበቴ በሁለት ጣት ዝቅ የሚል፤ ስሄድ «ያ ሐበሺያ!» የሚለው ድምፅ ከየሱቁ ይከተለኛል። ጥጉ ላይ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ካሴት የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ የእኛን ዘፈን አንድ ቃል ሳይገባው እስከ መጨረሻው አብሮ ይዘፍነዋል። ግጥሙን አበላሽቶ ዜማውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። ዛሬ ዛፉ ብቻ አለ፤ እሱም ግማሹ ለማገዶ ተቆርጧል።

እትዬ ሐዋ ይማም ወደዚህ ክፍል የመጡት በአንድ ዓርብ ነው። ዓርብ ማዕሀዱ ዝግ ቢሆንም፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ሐበሾች ዕረፍታቸው የዚያን ቀን ስለሆነ ለደብዳቤ ሥራ እከፍት ነበር። ያኔ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው አርባን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አውርደው የሚያስሩ የወሎ ሴት። አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ወፍራም የተማሪ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ደብዳቤ ነው?» አልኳቸው፤ ሳላየው።

«ደብዳቤ አይደለም። ጥናት ነው።»

ሳቄ መጣ። ይህን ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ሳቅኩ። የቤት ሠራተኛና ጥናት በእኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም ነበር። እትዬ ሐዋ ግን አልተቀየሙኝም፤ ደብተሩን ገልጠው «አንብቢው፣ ከዚያ ትስቂያለሽ» አሉኝ።

አነበብኩት፤ ሳቁም አልተመለሰም። ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሐዋ እሳቸው የሚሠሩበት ቤት ሲገቡ ከሳቸው በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሰላም የምትባል ነበረች። የቤቱ ልጅ ሰላም ማለት ስለለመደች፣ የቤቱ እመቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር የመጣች፣ እዚህ ኸዋጃ የሚሏት ፈረንጅ ዶክተር ናት፣ «ሰላም ብንልሽ ቅር ይልሻል?» ብላ በትሕትና ጠየቀቻቸው። ይሉኝታ ያልገደለው ማንን ነው? እሳቸውም «ግድ የለም» አሉ። በሁለተኛው ዓመት ከወሎ የመጣ መንገደኛ ደብዳቤ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ሐዋ ይማምን ጠየቀ። ዘበኛው ሰላም እንጂ ሌላ አያውቅም። «ሐዋ የምትባል እዚህ የለችም» ብሎ መለሰው። ደብዳቤው የእናታቸው መርዶ ነበር። እትዬ ሐዋ የእናታቸውን ሞት የሰሙት የአርባ ቀኑ ሰደቃ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ዴም ውስጥ ሐበሾች በሚሰበሰቡባቸው የኪራይ ቤቶች እየዞሩ ያገኟትን ሁሉ «የእናትሽ ስም ማነው? የቤትሽስ ስም?» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ክርስቲያኗን ፋጡማ የሚሏት ቤት ነበር፤ የወሎዋን ሙስሊም ማርያም የሚሏትም። አምስት ሴቶች በተከታታይ በአንድ ስም የተጠሩበት ቤት ነበር። አንዷ ለስምንት ዓመት «ያ ቢት» ብቻ ተብላለች፤ አንቺ ልጅ ማለት ነው። ደብተሩ ግን ለቅሶ አልነበረም። የትኛው ቤት ስም ይለውጣል፣ የትኛው አይለውጥም፣ ልጆች ሲኖሩ ምን ይሆናል፣ ሴቲቱ ስሟን ለማስመለስ ምን ዘዴ ታደርጋለች፣ ይህን ሁሉ በመልክ በመልኩ ለይተው ያስቀመጡት ነበር። እትዬ ሐዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው መምህርነት ሊገቡ ሲሉ ነው ኑሮ ወደዚህ ያመጣቸው።

ስድስት ወር ያህል ዓርብ ዓርብ ተቀመጥን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እከራከራለሁ፣ እተይባለሁ። ያኔ የዓርብ ከሰዓት ጎዳና ጭር ያለ ነበር፤ የማራገቢያው ድምፅና የእኔ መኪና ብቻ። መስመር ስጨርስ መኪናው ደወሉን ሲያሰማ እትዬ ሐዋ «አብሽሪ፣ አለቀ» ይሉኛል፤ ገና ሃምሳ ገጽ ሲቀረን።

ሲያልቅ በመጀመሪያ ያሳዩት ለቤታቸው ዶክተር ነው። ዶክተሯ ደግ ሴት ነበረች፤ በዚህ አልዋሽም። አንብባ አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐዋ ማለት ጀመረች። ቀጥላ ግን «ይህ ግሩም ጥሬ ዕቃ ነው» አለቻቸው። እሷ እንደገና ልትጽፈው፣ በስሟ ልታወጣው፣ ከታች በትንንሽ ፊደል «ሐዋን አመሰግናለሁ» ልትል ነው። «በአንቺ ስም ብቻ ከላክሽው የመጽሔቶቹን በር አያልፍም፣ እኔ ስለማውቃቸው ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነበር፤ ታውቃቸዋለች፣ ከነሱ ናትና።

እትዬ ሐዋ ይህን ሲነግሩኝ ቁጣ አልነበረባቸውም። ነገሩ ገርሟቸው ነበር። «አስቴር፣ ወላሂ አልገባኝም። እኔ የጻፍኩት ጥሬ ነው፤ እሷ ስትጽፈው ይበስላል። እሳቱ የት ነው ያለው? ቆዳዋ ላይ ነው?» ደብተራቸውን ከጠረጴዛው አነሡና «ከታች አልፈልግም። ከላይ፣ ስሜ፣ እንደ ሰው። ካልሆነ ደብተሬን እቀብረዋለሁ» አሉ።

ኡስታዝ ባቢክር የገቡት በዚህ መሃል ነው። ሦስት እስክሪብቶ ከሚሰኩት ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር፣ ሲናገሩ ክርናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ የሚያሳርፉ ሰው። እትዬ ሐዋ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበርና ገና ሲገቡ «ያላ ያ ብንቲ፣ ሻይ አምጪልን» አሏቸው፤ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። እትዬ ሐዋ ተነሥተው ሄደው ከውጭ ካለችው ሻይ ሻጭ፣ ከሲት አል-ሻይ፣ ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡ፤ አንዱን ለኡስታዝ ሰጥተው ሁለተኛውን ይዘው ቁጭ አሉና ጠጡት። ጽሑፉን ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ «የማን ነው?» አሉ። «ሻይ ያመጡልዎት ሴት» አልኳቸው። ኡስታዝ ባቢክር ብርጭቆውን አስቀምጠው ተነሡና እትዬ ሐዋን ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ለሰልማ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳቀችም። አባቷ ሙሉ ሕይወታቸውን በሌላ ሰው በር ላይ ሲጉላሉ የኖሩ ሰው ነበሩና።

መጉላላታቸውን እኔ አውቀዋለሁ፤ መልሶቹን ሁሉ ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንዱ መጽሔት «እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይየው» ይላል። ሌላው «ጉዳዩ የአንድ መንደር ነገር ነው» ይላል። ኡስታዝ እየሳቁ ያነቡልኝ ነበር። «አየሽ ያ ብንቲ፣ የነሱ መንደር ዓለም ነው፤ የኛ ዓለም ግን መንደር ነው። ወረቀቱ ከመከፈቱ በፊት ፖስታው ይነበባል፤ ማን ይባላል? ከየት ነው? የት ይሠራል?» የእትዬ ሐዋን ጽሑፍ ሊቀበል ይችላል ያሉትን መጽሔት አድራሻና የሚሞላውን ቅጽ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። «በንጽሕና ተይቢው፤ የቀረውን አላህ ያውቃል» አሉኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። ቅጹ ሁለት የስም ሳጥን ነበረው፤ አንደኛው የራስ ስም፣ ሁለተኛው የቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባት አለን፤ ስለዚህ ሁለተኛው ላይ «ይማም» አልኩ። በመጀመሪያው ላይ «ሐዋ» ብዬ ልጽፍ ጣቴን አነሣሁና ጣቴ እምቢ አለኝ። በዐረብኛ አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም «ኢንታ» ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እንኳ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። እናቴ ያሳደገችኝ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ስም በባዶው እንዳልጠራ ነው። ያውም ለፈረንጅ! ያውም በጽሑፍ! እናም በጣም ጥንቅቅ አድርጌ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «እትዬ ሐዋ» ብዬ ተየብኩ። አክብሬያቸው ልሞት። የሰው ፊደል ስህተት ስለቅም የምውለው ሴትዮ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ቀጥሎ «የሚሠሩበት ተቋም» የሚል ሳጥን መጣ። ወደ ላይ ቀና ብዬ የራሳችንን ሰሌዳ አየሁ፤ ማዕሀድ። የእሳቸው ወረቀት የሚሠራው እዚህ አይደል? «ማዕሀድ፣ ካርቱም» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ፣ የፖስታ ሣጥናችንን ቁጥር ጨምሬ ላክሁት።

ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣ። «ውድ ዶክተር ይማም» ይላል። ጽሑፉን ተቀብለውታል። ሁለት ገምጋሚዎች አንብበውታል፤ አንደኛው እጅግ አድንቆታል፤ ሁለተኛው አንድ ነቀፋ ብቻ ነበረው፦ «ደራሲው የሚያጠናቸውን ሴቶች ከመጠን በላይ ቀርቧቸዋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢያይ መልካም ነው።» ኡስታዝ ባቢክር ይህን ሲያነቡ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቁ ደረሱ። እትዬ ሐዋ ተርጉሜላቸው ሲሰሙ አልሳቁም። ትንሽ አስበው «ከዚህ ወዲያ የት ልራቅ? ከወሎ ካርቱም መጥቻለሁ» አሉ።

የታተመው ሲደርስ ሦስታችንም ገጹ ላይ አጎነበስን። ከላይ፣ እንደፈለጉት ከላይ፣ «ኢ. ኤች. ይማም» ይላል። መጽሔቱ የራስ ስምን በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው የሚያወጣው። ኢ የእትዬ፣ ኤች የሐዋ። እትዬ ሐዋ ገጹን አገላበጡት፣ ከኋላም አዩት፣ ስማቸው ከወረቀቱ ጀርባ ተደብቆ እንደሆነ ብለው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ።

«አባትዎ ናቸው፣» አልኩ።

«አባቴ!» አሉ። «አባቴ ፊደል ሳይቆጥር፣ እርፍ እንደጨበጠ ዶክተር ሆነ። ጎሽ!» ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። «እዚያ ቤት ሰላም ነኝ። እዚህ ደግሞ ይማም። አስቴር፣ ሐዋን የት አስቀመጣችኋት?»

የዚያን ቀን መጽሔቱ ስሙን እንዲያርም ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፤ የተቋሙ ኃላፊ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይላክ፣ ኢ. ኤች. ይማምና ሐዋ ይማም አንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ። የእኛ ተቋም ማኅተሙም ኃላፊውም እኔ ነበርኩ። ኡስታዝ ባቢክር አስጠነቀቁኝ፤ «ተቋሙ አራት የጽሕፈት መኪና፣ ዶክተሩ የቤት ሠራተኛ መሆናቸውን ካወቁ ስሙን አያርሙም፤ ጽሑፉን ይሰርዙታል።» ፈራን። ሦስታችንም ፈራን። እትዬ ሐዋ «ተዪው፤ ሴቶቹ ቢያንስ ተነበቡ» አሉኝ። በዓመቱ ወደ አገራቸው ገቡ። ደብተሩን «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። ሚኒባሱ ላይ አሳፍሬያቸው ስመለስ የካሴቱ ሰውዬ የእኛን ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ ያን ቀን ዝጋው ብዬ ተቆጣሁት።

ሰልማ ይህን ሁሉ ስትሰማ ባሊው ላይ ተቀምጣ አንድ ጊዜ እንኳ ስልኳን አላየችም። ስጨርስ «አሁን ደግሞ ሌላ በር አለ» አለችኝ። እሷ ስለ መጻሕፍት ታሪክ ትጽፋለች፤ ከውጭ የሚመልሱላት ግን «ስለ ራስሽ፣ ስለ ሱዳናዊነትሽ፣ ስላለፈብሽ ነገር ብትጽፊ እንወዳለን» እያሉ ነው። «አባቴን በስሙ ምክንያት አያስገቡትም ነበር። እኔን ደግሞ በስሜ ምክንያት ብቻ ነው የሚያስገቡኝ። ይህ ይሻላል፣ ያ ኻልቲ?» «በሩ መከፈቱ በር መሆኑን ያስቀረዋል ወይ?» አልኳት። እጅጌዋን ሰብስባ መሬት ላይ ካለው ክምር ደብተሩን አብራኝ ትፈልግ ጀመር። እኩለ ቀን ላይ አገኘነው። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ ዘንበል ባለው ጽሕፈት፣ «ሐዋ ይማም» ይላል። ያለ እትዬ።

እትዬ ሐዋን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀ። ዴም ውስጥ ከቀሩት የወሎ ሴቶች አንዷ የእኅቷን ልጅ፣ እሷ ጎረቤቷን፣ ጎረቤቷ የእትዬ ሐዋን የልጅ ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። ሰኞ ዕለት ሰልማ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና በኢሞ ደወልን። ምስሉ አልመጣም፤ ድምፁ ግን መጣ። አርጅቷል፣ ግን እሱ ነው።

«አስቴር? አለሽ? በሕይወት አለሽ? ያረቢ! ዜናውን በሰማሁ ቁጥር ምን ሆነች እያልኩ...»

ተላቀስን። ከዚያ ነገሩን አስረዳሁ፤ መጽሔቱ፣ መጽሐፉ፣ ቅጹ፣ ደብተሩም እንዳልጠፋ።

«እና አሁን የቤት ሠራተኛ መሆኔን ቢያውቁ አይሰርዙትም?» አሉ።

ለሰልማ ተረጎምኩላት። «አይሰርዙም፣» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲያውም ይወዱታል» አለች፤ ሁለተኛውን አልተረጎምኩም።

«እንግዲያው ጻፊ፣» አሉ እትዬ ሐዋ። «ሥራ፣ የቤት ሠራተኛ። የነበርኩትን ነው።»

«ተቋምስ? ማዕሀዱን ላጥፋው?»

«ለምን ታጠፊዋለሽ? እዚያ አይደል የሠራነው? ሌላ ተቋም የት አውቃለሁ?»

ማዕሀዱ ቀረ። የስሙ ሳጥን መጣ። ሰልማ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው፤ «አንቺ ተይቢው» አለችኝ። ዛሬ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጣቶቼ እንደ ድሮው አይፈጥኑም፣ ግን ፊደሉ የት እንዳለ ሳያዩ ያውቃሉ። ከስሙ ሳጥን በፊት የማዕረግ ሳጥን ነበር፤ ሲጫኑት ዝርዝር የሚያወርድ። አንድ በአንድ አየሁት። ዶክተር አለ፣ ፕሮፌሰር አለ፣ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት አለ፤ ጭራሽ ያልሰማኋቸውም ነበሩ። እትዬ የለም።

«እትዬ ሐዋ፣ ማዕረጉን ምን ልበል?» አልኩ። «ዶክተር ልበል እንዴ? ለምደውዎታል።»

ሳቃቸው ከወሎ ድረስ መጥቶ ባዶውን ክፍል ሞላው። «ባዶውን ተዪው። ስሜን ግን እንዳታበላሺብኝ። እትዬነቴ ላንቺ ነው አስቴር፤ ለነሱ አይደለም። ለነሱ ሐዋ በይ።»

ጣቴን አነሣሁ። እናቴ ከመቃብሯ የምትቆጣኝ መሰለኝ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ፣ በባዶው፣ «ሐዋ» ብዬ ተየብኩ። ቀጥሎ «ይማም»። ሰልማ ላኪው የሚለውን ተጫነች። ወዲያው፣ ማንም ሰው ሳይሆን ማሽኑ ራሱ፣ መልስ ላከ። «ውድ ሐዋ፣ የላክሽው ደርሶናል» ይላል።

«ባለጌ!» አልኩት ማሽኑን። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት! ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ልይዘው አልቻልኩም።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ሐዋ በስልኩ።

«ደብዳቤ ነው የመጣው፣» አልኳቸው። «በስምዎ ነው። ውድ ሐዋ ነው የሚለው።»

«መልሺላቸው፣» አሉ። «ሐዋ የምትባል እዚህ አለች በያቸው።»